አንጎላችሁ ዛሬም ይለወጣል

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ፊት ለፊት የታክሲው ሰልፍ ረዝሟል። ተማሪው ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ሠራተኛው ቦርሳውን አንግቶ፣ እናት የልጇን እጅ ይዛ ወደ ፊጋ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ መገናኛ ለመድረስ ይቻኮላሉ። እዚያ ሰልፍ ውስጥ ከአልጋው ለመነሳት ብቻ የቀኑን ግማሽ ጉልበት የጨረሰ ሰው አለ። ፊቱን ታጥቧል። ጎረቤቱ «እንደምን አደርክ?» ሲለው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መልሷል። ውስጡ ከጨለመ ግን ሳምንታት አልፈዋል።

ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ለእሷም ነው። ምናልባት ለእናንተም ነው።

ወዳጆቼ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አንድ ነገር ያዙልኝ። ስሜታችሁ ከአንጎላችሁ ኬሚስትሪ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የአንጎላችሁ ኬሚስትሪ ደግሞ በምትተኙት እንቅልፍ፣ በእንቅስቃሴያችሁ፣ አብሯችሁ በሚውለው ሰው፣ ባሳለፋችሁት መከራና በምታገኙት ሕክምና ይቀየራል። ስለዚህ ድባቴ የደካማ ሰው ምልክት አይደለም፤ የዕድሜ ልክ ፍርድም አይደለም። አንጎል የሚለወጥ አካል ነው፤ ለውጡ ውስጥ የእናንተም እጅ አለበት።

አንጎል በምን ይነጋገራል?

በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። በአብዛኛው አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በመካከላቸው ባለችው እጅግ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ኬሚካል እየለቀቀ ነው። ነርቭ በኬሚካል እንደሚናገር በሙከራ ያሳየው ኦቶ ሎዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦስትሪያ ውስጥ የአንድን እንቁራሪት ልብ ነርቭ ቀሰቀሰ፤ የልቡ ምት ዘገመ። ከዚያ ያ ልብ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላ ልብ ላይ አደረገው። ሁለተኛው ልብ ነርቩን ማንም ሳይነካው ምቱ ዘገመ። መልእክቱ በፈሳሹ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሎዊ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1936 ከሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ከእነዚህ መልእክተኛ ኬሚካሎች መካከል ብዙ ጊዜ ስማቸው የሚነሳው ሴሮቶኒን፣ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን ናቸው። ሴሮቶኒን በእንቅልፍ፣ በምግብ ፍላጎትና በስሜት ላይ ይሠራል። ኖርአድሬናሊን ንቁ ያደርገናል። ዶፓሚንን ብዙ ሰው «የደስታ ኬሚካል» ይለዋል፤ ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። ቮልፍራም ሹልትስ የተባለው ተመራማሪ ጦጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ጭማቂ ሳይጠብቁት ሲመጣላቸው የዶፓሚን ሕዋሶቻቸው ተቀሰቀሱ። ከጭማቂው በፊት ምልክት እንደሚታይ ከተማሩ በኋላ ግን ሕዋሶቹ የሚቀሰቀሱት ምልክቱን ገና ሲያዩ ሆነ። ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ ዝም አሉ። ዶፓሚን ተስፋ ማድረግን፣ መማርንና ለነገ መነሳትን ያግዛል ማለት ነው። ድባቴ የያዘው ሰው «ምንም ነገር አያጓጓኝም» ሲል ሰነፈ አትበሉት፤ የማጓጓት ሥርዓቱ ደክሞ ሊሆን ይችላል።

ጭንቀት ሲረዝም ደግሞ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ይመጣል። ኮርቲሶል በራሱ ጠላታችን አይደለም፤ ጠዋት የሚያነቃን፣ አደጋ ሲመጣ ኃይል የሚሰጠን እሱ ነው። የቤት ኪራይ፣ የሥራ ማጣት፣ ያልተለቀሰ ሐዘን ለወራት ሲጫነን ግን ሰውነት ከአደጋ ጊዜ ሩጫው ሳይወጣ ይቀራል። እንቅልፍ ይበላሻል፣ ትዝታና ትኩረት ይደክማሉ።

ከሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል የተነሳው ታሪክ

የድባቴ መድኃኒት የተገኘው ሌላ በሽታ ሲታከም ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒውዮርክ በሚገኘው ሲቪው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አይፕሮኒያዚድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ተሞከረላቸው። ተኝተው የከረሙ ሰዎች ምግብ አማራቸው፣ መሳቅና መጫወት ጀመሩ። ሐኪሞቹ ተደነቁ። እ.ኤ.አ. በ1957 መድኃኒቱ ለድባቴ መሰጠት ጀመረ። መድኃኒቱ ሴሮቶኒንንና መሰሎቹን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም እንደሚያግድ ስለታወቀ፣ ድባቴ የእነዚህ ኬሚካሎች ማነስ ይሆናል የሚል ሐሳብ አደገ። ሴሮቶኒን ላይ የሚሠራው ፍሉኦክሴቲን የተባለ የድባቴ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ከተፈቀደ በኋላ «ድባቴ የሴሮቶኒን እጥረት ነው» የሚለው አባባል ዓለምን ዞረ።

ሳይንሱ ግን እዚያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ድባቴ የሚመጣው ሴሮቶኒን በማነሱ ነው ለማለት የሚያበቃ ወጥ ማስረጃ አላገኙም። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው መድኃኒቱ ከንቱ ነው» የሚል ካለ ይታገስ። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድሪያ ቺፕሪያኒ መሪነት የወጣው ጥናት 522 ሙከራዎችንና ከ116,000 በላይ ሰዎችን አካቶ 21 የድባቴ መድኃኒቶችን ፈትሿል። ሁሉም መድኃኒትነት ከሌለው ክኒን የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። በአማካይ ልዩነቱ መጠነኛ ነው፤ ለብዙ ሰው ግን ወደ ሥራና ወደ ቤተሰብ የሚመልስ ልዩነት ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ድንቅ ነገር አለ። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለው መድኃኒት ሴሮቶኒንን ከፍ የሚያደርገው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሰውየው ተሻለኝ የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ነው። እናቶቻችን የጤፍ ሊጥ ላይ እርሾ ጨምረው ወዲያው ምጣድ ላይ አያፈሱትም፤ እርሾው ሥራውን እስኪሠራ ቀናት ይጠብቃሉ። መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት በእነዚያ ሳምንታት የነርቭ ሕዋሳት ግንኙነታቸውን ያድሳሉ፤ አንጎል አዲስ ልማድና አዲስ አስተሳሰብ የመቀበል ችሎታው ይጨምራል። ለዚህ ነው መድኃኒትና የምክር ሕክምና አብረው ሲሄዱ የሚጠነክሩት፤ ለዚህም ነው በአንደኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መድኃኒቱን መጣል የማይገባው።

በእኛ ሰፈር ምን ይመስላል?

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከድባቴ ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። በሀገራችን ግን ድባቴ ብዙ ጊዜ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል። ራስ ምታት ይሆናል። ጨጓራ ይሆናል። ልብ ምት፣ የሰውነት መቃጠል፣ ድካም ይሆናል። ሰውየው «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል፤ መድኃኒቱ ያልቃል፣ ሕመሙ አያልቅም። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ድባቴ የሚመስል ድካም ስለሚያመጡ የደም ምርመራ ማድረግ ብልህነት ነው። ምርመራው ደህና ሆኖ ድካሙ ከቀጠለ ግን ስለ ስሜታችሁም ተናገሩ።

ምልክቶቹን እወቋቸው። ቀኑን ሙሉ የሚጫን ሐዘን፣ ቀድሞ ያስደስት የነበረውን ነገር መጥላት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካም፣ ትኩረት ማጣት፣ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ፣ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት፣ ሞትን መመኘት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወይም ከሁለቱ አንዱ ኖሮ በድምሩ አምስትና ከዚያ በላይ ምልክቶች በአብዛኛው ቀን፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። የሞት ሐሳቡ ከመጣ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

«አማኑኤል ገባ» መባልን ፈርታችሁ በሽታችሁን አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። የአማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የሀገሪቱን ሸክም የተሸከመ፣ ብዙዎችን ወደ ቤታቸው የመለሰ ተቋም ነው። ዛሬ ደግሞ በሩ እሱ ብቻ አይደለም። ለእኛ ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪዎች ቅርብ በሆነው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። በጤና ጣቢያ ደረጃም የተጀመረ ሥራ አለ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የአእምሮ ጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በሙከራ ተግብራለች፤ በጉራጌ ሶዶ ወረዳም የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ድባቴን ማከም ጀምረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት በሀገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሀገራችን የራሷን ሐኪሞች እዚሁ እያስተማረች ነው። ይህ ሁሉ ለእኛና ለእናንተ የተደከመ ድካም ነው፤ ተጠቀሙበት።

ከዛሬ ጀምሮ የምታደርጓቸው

አንደኛ፣ ተራመዱ። ጄምስ ብሉመንታል እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጥናት ድባቴ የያዛቸው 156 ጎልማሶችና አዛውንቶች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ስፖርት ሠራ፣ ሌላው ሰርትራሊን የተባለ መድኃኒት ወሰደ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ከ16 ሳምንት በኋላ በሦስቱም ቡድኖች የታየው መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 120 አረጋውያንን ተከታትሏል። ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን በፍጥነት የተራመዱት ሰዎች፣ ለትዝታ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ማለትም ሂፖካምፐሳቸው በ2 በመቶ ገደማ አደገ። በእርጅና ዘመን የሚሸሽ አካል በእርምጃ ጨመረ! ለጂም መክፈል አይጠበቅባችሁም። ከብሎካችሁ ተነስታችሁ ወደ ፔፕሲ ፋብሪካው በኩል ወጣ በሉ፤ ግቢ ውስጥ ዙሩ። በአሥር ደቂቃ ጀምሩ፤ ቀስ በቀስ በሳምንት እስከ 150 ደቂቃ አድርሱት።

ሁለተኛ፣ የጠዋት ብርሃን አያምልጣችሁ። አንጎላችሁ ውስጥ ያለው ሰዓት የሚስተካከለው በዓይን በሚገባ ብርሃን ነው። እኛ ክረምት ከበጋ ጠዋት በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ፀሐይ የምትወጣበት ከተማ ውስጥ ነን፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሐምሌ ላይ ሰማዩ ቢደመንም የውጪው ብርሃን ከሳሎናችሁ መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሱ፣ በረንዳ ላይ ውጡ፣ ማታ ስልካችሁን ከአልጋችሁ አርቁ።

ሦስተኛ፣ ሰው አታጡ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖረው ሰው በዕጣ ከተለያየ ሰፈር የመጣ ነው። የቀድሞ ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ የልጅነት መንደሩን ትቶ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ግን ስም የማይተዋወቁ ሰዎች መሀል ገብቷል። ብቸኝነት የጭንቀትን ሸክም ያከብዳል፤ የሰው መኖር ያቀልለዋል። በሩን አንኳኩ። በዚህ ቅዳሜ ፊት ለፊት ያሉትን ጎረቤቶቻችሁን ቡና ጥሩ፤ ከአቦል እስከ በረካ የምትቀመጡበት ሰዓት ለአንጎላችሁ ዕረፍት ነው። ቡናውን ግን ከቀትር በፊት አድርጉት፤ ካፌይን እንቅልፍ የሚያመጣውን የአዴኖሲንን ሥራ ስለሚያግድ የማታው ቡና ሌሊታችሁን ይነካል።

አራተኛ፣ ከነገ ላይ አትበደሩ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚንን በብዛት ያስለቅቃል። ምርቃናው ጊዜያዊ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድብርት፣ ሀራራና የጠፋ እንቅልፍ ግን በማግስቱ ይጠብቃችኋል። አልኮልም ለጊዜው ጭንቀትን ያስታግስና ሲወጣ አብዝቶ ይመልሰዋል። ድባቴን በጫትና በመጠጥ ለማከም የሞከራችሁ ካላችሁ ማንም አይፍረድባችሁ፤ እፎይታ ፍለጋ ነው። ግን የተሻለ መንገድ አለ፤ ለመተው የሚያግዙ ባለሙያዎችም አሉ።

አምስተኛ፣ ፍላጎት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ጀምሩ፣ ፍላጎቱ ይከተላችኋል። ድባቴ «ሲሻለኝ አደርገዋለሁ» ያሰኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። በዚህ ሕክምና ታካሚው ትንንሽ፣ ትርጉም ያላቸው ሥራዎችን በቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፎ፣ ቢደብረውም በሰዓታቸው ያደርጋቸዋል። አንድ ሰሃን ማጠብ፣ ለእናት መደወል፣ ሸሚዝ መተኮስ፣ ቅዳሴ ወይም ስግደት መሄድ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የተጠናቀቀ ትንሽ ሥራ አንጎላችሁን «ስነሳ ለውጥ ይመጣል» ብሎ ያስተምረዋል። ቅድም ያየነው ዶፓሚን የሚማረው እንዲህ ነው።

ስድስተኛ፣ ሕክምናውን በሥርዓት ውሰዱ። ድባቴው ከበድ ካለ እርምጃና ቡና ብቻውን አይበቃም፤ አቅም አጥታችሁ መራመድ ካልቻላችሁ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። በሀገራችን ጤና ተቋማት በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ፍሉኦክሴቲንና አሚትሪፕቲሊን ይገኛሉ። ከጎረቤት ተበድራችሁ አትዋጡ፤ እንደ ሰውየው ሁኔታ መድኃኒቱም መጠኑም ይለያያል። ቀደም ብሎ ከልክ ያለፈ መነቃቃትና እንቅልፍ አልባ ደስታ ይዟችሁ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ፤ የሕክምናውን ምርጫ ይቀይረዋል። ተሻለኝ ብላችሁም በድንገት አታቁሙ፤ ማቆሚያውን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ።

እምነትና መድኃኒት አይጣሉም

ብዙዎቻችን መከራ ሲመጣ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደ እግዚአብሔር ነው፤ ይህ ብርታታችን ነው። ጸሎት፣ ጸበል፣ ዱዓ፣ የምእመናን ኅብረት ለተጨነቀ ልብ መጠጊያ ናቸው። እነዚህ ከሕክምና ጋር ይጣላሉ ለሚል ሰው የሀገራችን ታሪክ መልስ አለው። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲመጣ ብዙ ሕሙማን ጸበልና ክኒን መምረጥ ያለባቸው መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ። በአእምሮ ሕመምም በኩል አጥማቂ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች አዲስ አበባ ውስጥ ተባብረው መሥራታቸውን የሀገራችን ሐኪሞች በጥናት መዝግበዋል። ክኒን መዋጥ እምነት ማጣት አይደለም። ሐኪምም የፈጣሪ ስጦታ ነው።

ለምትወዱት ሰው

ቤታችሁ ውስጥ ድባቴ የያዘው ሰው ካለ «ምን ጎደለህ?»፣ «ጠንከር በይ»፣ «አታስብ» አትበሉ። እግሩ የተሰበረን ሰው ሩጥ አንለውም። «ሰምቼሃለሁ፤ አብሬህ አለሁ፤ ነገ ሐኪም ጋር አብረን እንሄዳለን» በሉት። ከዚያ የቀጠሮውን ቀን ራሳችሁ ያዙ፣ ታክሲውን አብራችሁ ተሳፈሩ፣ መድኃኒቱን ጊዜውን ጠብቆ እንዲወስድ አስታውሱት። ድባቴ የያዘው ሰው ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ የእናንተን ትንሽ ጉልበት ስትጨምሩለት ደጁን ይሻገራል።

ወዳጆቼ፣ አንጎላችሁ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። በ20 ዓመታችሁ ይማራል፣ በ70 ዓመታችሁም ይማራል። ያለፈው መከራ አሻራውን ቢተውበት፣ የዛሬው እርምጃ፣ የዛሬው እንቅልፍ፣ የዛሬው ወዳጅ፣ የዛሬው ሕክምናም አሻራቸውን ይተዋሉ። ሁሉንም በአንድ ቀን አታድርጉ። ከስድስቱ አንዱን ዛሬ ምረጡ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ለአንድ ሰው ንገሩ። ነገ ድገሙት። ሁለት ሳምንት ያለፈው ጨለማ ካለባችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራችሁ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ መሄድ ይሁን። መዳን ይቻላል፤ ብዙዎች ድነዋል፤ እናንተም ትድናላችሁ ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ተነሱ፣ ጀምሩ!